ዘፋኙና የእድሩ ድንኳን

አጥናፉ ሬጌ መዝፈን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ራሱ ይዘፍናል፤ ለሌሎችም ያቀናብራል። መጀመሪያ በሆቴል ባንድ፣ ከዚያ በሰርግ፣ በመጨረሻም እኛ ሠፈር አቃቂ፣ ከሐዲዱ በላይ በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል። ጸጉሩ ወገቡ ጋ ሲደርስ ስሙ ግን ከሳሪስ አቦ አላለፈም።

ያን ዓመት አንድ የመርካቶ ሙዚቃ ቤት ካሴቱን ሊያሳትምለት ተስማማ። እስከ ሰኞ ካልደረሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። አጥናፉ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነበር። ሌላ ጠሪ እንደማይመጣ ያውቃል።

ረቡዕ ጠዋት መጣ። እኔ የእድሩ ዕቃ ቤት ያዥ ነኝ።

«ጋሼ፣ ክፍሏ ድምፅ ትመልሳለች። በዚያ ላይ የከባድ መኪናው ጩኸት አለ። ግድግዳው ላይ ወፍራም ነገር ካልሰቀልኩ መቅረጽ አልችልም።»

«ምን ዓይነት ወፍራም ነገር?»

«ድንኳኑን፤ ለአምስት ቀን።»

«ድንኳኑ ለለቅሶ ነው።»

«እኔስ አባል አይደለሁም? ስሞት ይተከልልኛል። አሁን ልዋሰውና ያኔ ይቅርብኝ።»

«ስትሞት የሚተከልልህ ሦስት ቀን ነው። አንተ የጠየቅከው አምስት ነው።»

 አሳዘነኝና ሰጠሁት። አንድ ነገር ግን አስማልኩት፤ ሰው ከሞተ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ቢሆን እንኳ፣ አውርዶ ያመጣል።

ከማለ በኋላ ሠፈሩ ውስጥ ማን እንደታመመ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆ አያውቅም።

«አባባ ታደሰ ናቸው» አልኩት። «ከመስቀል ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም።»

አባባ ታደሰ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። ግቢያቸውና የአጥናፉ ክፍል በአንድ አጥር ይዋሰናሉ።

አጥናፉ በዚያው ቀን ብርቱካን ይዞ ገባ። ሐሙስ የቅልጥም ሾርባ በፔርሙስ ወሰደ። ዓርብ ከሳሪስ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር በታክሲ ይዞ መጣ። የሽማግሌው ልጅ ብዙወርቅ አለቀሰች።

«እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ሳናውቅ ጸጉሩን ስናማ ኖርን» አለችኝ።

ስለ ድንኳኑ አልነገርኳትም።

ቅዳሜ እኔም ልጠይቃቸው ስገባ አጥናፉ ትራሳቸውን ያስተካክላል።

«ስንት ዘፈን ቀረህ?» አሉት።

አጥናፉ እኔን አየኝ። እኔ አልነገርኳቸውም።

«ሁለት፣ አባባ።»

«ድንኳኑን ስታሳልፍ በመስኮት አይቼሃለሁ። አይዞህ፣ እስክትጨርስ ለመቆየት እሞክራለሁ።»

አንገቱን ደፋ።

«የትናንቱ ግን ቸኩሏል» አሉት። «ባቡር ዳገት ሲወጣ አይቸኩልም። ከበሮውን ያዝ አድርገው።»

ሄዶ ያዝ አደረገው። ኪቦርድ የሚጫወትለት ሀይረዲን ሁለት ጊዜ ሰማና «ሃያ ስድስት ዓመት የጠፋብህ ይሄ ነው» አለው።

እሑድ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ዘፈን መሀል ላይ ብዙወርቅ ጮኸች። የለቅሶ ጩኸት ነበር። ከቤቴ ስወጣ ዘፈኑ ቆሟል። ስደርስ አጥናፉ ወንበር ላይ ቆሞ ሚስማሩን በእጁ ይነቅላል። ማንም አላዘዘውም።

«የቀረን አምስት ደቂቃ ነው» አለ ሀይረዲን። «ጨርሰን እናውርደው። ማን ያውቅብናል?»

አጥናፉ የመጨረሻውን ሚስማር ነቀለ። ሸራውን ተሸክሞ ወጣ። ጣቱ ይደማል። እንባውንም አየሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ግቢው ስንገባ ብዙወርቅ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታሳየናለች። አልጋው ባዶ ነው። የጮኸችው አባቷን ብታጣቸው ነው። ዞር ብለን ስንፈልግ አባባ ታደሰ አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈዋል።

«ለምን አቆምክ?» አሉት።

አጥናፉ ሸራውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

«ትከሻህ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

«ድንኳኑ ነው፣ አባባ። ለ... ለጥላ ብዬ ነው።»

«ሰማዩ ደመና ነው» አሉት። «መልሰህ ስቀለው።»

መዶሻውን እኔ ያዝኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘፈኑ አለቀ። ሀይረዲን ገመዱን መጠቅለል ሲጀምር ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«መጨረሻው ረዘመ።»

ሀይረዲን አጥናፉን አየው። አጥናፉ ሰዓቱን አየ።

«ትንሽ ይቆዩልኛል፣ አባባ?»

«ብዙወርቅ፣ ጋቢዬን አምጪ» ሲሉ ሰማን።

አጥናፉ መጨረሻውን አሳጥሮ እንደገና ዘፈነው። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ መርካቶ ሄደ።