ማሬን ያጠብኩ ዕለት

እኔ በቀላሉ የሚቀፈው ሰው አይደለሁም። ሃያ ስምንት ዓመት የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ስከፍት ኖሬአለሁ። በዚህ ከተማ ካሉት ቱቦዎች ግማሾቹ የቡትሴን ኮቴ ሲሰሙ በፍርሃት ራሳቸውን ይከፍታሉ፤ እኔ የምደክመው ለቀሩት ነው። ከአንድ ሆቴል ምድር ቤት ዝሆን የሚያክል የጠጉር ድብልብል በአንድ ትንፋሽ ጎትቼ አውጥቻለሁ። እስከ አገጬ ሰምጬ ጓደኞቼ ከላይ ሆነው ሊያለቅሱልኝ ሲያቆበቁቡ «ምሳ ደረሰ እንዴ?» ብዬ ብቅ ያልኩት እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ሆድ በሰባት ትውልድ አንዴ ነው የሚፈጠረው። ይህን ሆድ የገለበጠው ምን መሰላችሁ? መዳፍ በምታህል መስታወት ውስጥ ያለ፣ ነፍስም ሽታም የሌለው አንድ ንፍጣም ፍጥረት።

ባለቤቱ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስድሳን ረግጣለች። አንዲት ልጇ አግብታ ስትወጣ በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን መሳቢያ ውስጥ ረስታ ሄደች። እትዬ መጀመሪያ አቧራውን ልትጠርግ ከፈተችው፤ ከዚያ ወዲያ ዘግታው አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጥቅል ጨርቅ ታቅፋ ደረጃ ስትወርድ አዳለጣትና ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ጄሶ ውስጥ ገባ።

ሥራ ላይ ሳለሁ ስልክ ደወለች።

«አንተ፣ ያ ስትፎክርበት የምትውለው አውራ ጣትህ አለ?»

«አለ እንጂ፤ የት ይሄዳል!»

«ይዘኸው ና። አሁኑኑ።»

ገላዬን ለቅለቅ አድርጌ ከነቡትሴ በረርኩ። በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው፤ ጋሼ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር። ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ።

«ቡትስህን ውጭ አውልቅ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «አፍህንም እዚያው ብታወልቀው ደግ ነበር» ብሎ ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

እትዬ በስፌት መኪናዋና በጨርቅ ክምሯ መሃል ተቀምጣ ማሽኑን በግራ እጇ ይዛለች። ፊቷ የጄሶውን ያህል ነጥቷል።

«ይህን ጨዋታ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ ወይ? የፈጠሩት ሰዎች ሲቸግራቸው የሚያማክሩት ማንን ይመስልሻል?» አልኩ። በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።

«ዝም ብለህ ስማኝ» አለችና አስረዳችኝ። ነገሩ ቀላል ነው። በዱር በገደሉ ጭራቅ ታድናለህ፣ ታሳድጋለህ፣ ከሌላ ሰው ጭራቅ ጋር ታዋጋለህ። መጨረሻው «የአምስቱ በሮች ቤት» ይባላል። በየበሩ አንድ ጀግና ከጭራቁ ጋር ይጠብቅሃል። ከገባህ አምስቱን ሳትጨርስ መውጣት የለም። ውጭ የወደቀ ጭራቅ ታክሞ ይነሳል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የወደቀ ግን ለዘላለም ይጠፋል።

«ታዲያ እጅሽ እስኪድን ለምን አትጠብቂም?»

«ቤቱ በዓመት ሦስት ቀን ነው የሚከፈተው። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ማሬ ደግሞ የሚኖረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። አምስተኛውን በር ካለፈ ግን አያረጅም፣ አይሞትም። ገባህ?»

«ማሬ ማነው?»

አሳየችኝ። ባላሳየችኝ! ራሱ የእንቁራሪት፣ ገላው የአልቅት፣ ዓይኖቹ ሊፈነዱ የደረሱ ሁለት ብጉሮች። ከአፍንጫው፣ ከብብቱ፣ ስም ከሌላቸው ቀዳዳዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ንፍጥ ይዝረበረባል። ሲራመድ ጭቅ ጭቅ ይላል፤ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ከራሱ አገጭ ላይ የተንጠለጠለውን መልሶ በምላሱ ይስበዋል። ማር ይህ ነገር በስሙ እንደሚጠራ ቢያውቅ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር።

«ከእንቁላል ጀምሬ ያሳደግኩት ነው» አለች እትዬ፤ ልክ ስለ ልጇ በምታወራበት ድምፅ። «አያምርም?»

ምራቄን ዋጥኩ፤ መዋጡንም ወዲያው ጠላሁት። «ግሩም ነው» አልኩ።

ቤቱ ልንገባ ስንል እጇን ጠዘጠዛትና የሕመም ማስታገሻዋን ልትውጥ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሼ ውሃ ሊቀዳላት ተከተላት። እኔና ማሬ ብቻችንን ቀረን። እሱ አገጩን ላሰ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስከፍት እንደገና ሲልስ ደረስኩ።

እዚህ ላይ የሙያችንን ሕግ ማወቅ አለባችሁ። ቱቦ ከፋች የፈለገው ጉድጓድ ውስጥ ይዋል፣ ሳይታጠብ የሰው ደጃፍ አይረግጥም። አለቃዬ በዚህ ጉዳይ ሰው አባርሯል። ሚስቴም ሦስት ጊዜ ሳልታጠብ ወንበር አታስነካኝም። እና ይህ ፍጥረት በዓመት ሦስት ቀን ብቻ የሚከፈት የተከበረ ቤት ውስጥ እንደዚህ ሊገባ ነው? ጨዋታው ውስጥ ያለውን የዕቃ ከረጢት ስበረብር ከዝርዝሩ ታች «ሳሙና — አንድ» የሚል አየሁ። ለሰኮንድ አላመነታሁም። ተጫንኩ።

አረፋ ሞላ፤ ጅራት ተርገፈገፈ፤ አረንጓዴው ሁሉ ወርዶ ሄደ። ንፁህ ማሬ ደስ የሚል መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ከንፍጡ ሥር የነበረው ገላ ገና እንደተወለደ አይጥ ሮዝ ሆኖ፣ ሽብሽብ ብሎ፣ ደም ሥሩ እየታየ ይንቀጠቀጣል። ሸፍኖት የነበረው ይሻል ነበር። ግን ሳሙናው አለቀ፤ እትዬም መጣች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አፌን ዘጋሁ።

ገባን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በሮች ከማሬ ሌላ ባሏት ሁለት ጭራቆች፣ በድንጋይ በሬዋና በመብረቅ ወፏ፣ እንደ ቅቤ ቆረጥኳቸው። እትዬ «ግራ! ቀኝ! አሁን ምታ!» ትላለች፤ እኔ እመታለሁ። እውነቱን ለመናገር አውራ ጣቴ በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ ማሽኑ ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረውም።

ሦስተኛው በር ላይ ጉንጩ የተነፋ ሰውዬ የእሳት ጅብ ይዞ ጠበቀን። ወፏ ሁለት ጊዜ ተለበለበችና ወደቀች። መስታወቱ ላይ «አትመለስም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

እትዬ ከንፈሯን መጠጠች። «ማሬን አስገባ።»

«በሬውን ባስገባ አይሻልም? እኔ እንደ ስልት አዋቂነቴ...»

«አንተ ስልት የምታውቀው ቱቦ ውስጥ ነው። እሳት ንፍጥ አያቃጥልም። ማሬን አልኩህ!»

ምን ላድርግ? ተጫንኩ። ሮዙ ነገር ብቅ አለ፤ እየተንቀጠቀጠ።

ጋሼ ጋዜጣውን አወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እትዬ።

«ማሬ።»

«ማሬ አይደለም።»

«ታጥቦ ነው እንጂ እሱው ነው። ሰው ቤት ሲገባ...»

«አጠብከው?» ጄሶዋን እንደ ዱላ አነሳች። «አጠብከው! አንተ ቀፎ ራስ! ንፍጡ እኮ ጋሻው ነው! ስምንት ወር በሙሉ እሱን እያበላሁ ሳመርተው፣ ሳጠራቅመው የነበረውን ንፍጥ!»

«ሌላው ገድሎ ያጥባል፤ ይሄ አጥቦ ሊገድል ነው» አለ ጋሼ።

ጅቡ አንዲት ፍንጣሪ እሳት ተፋ። አንዲት ብቻ! የማሬ ሕይወት ከዘጠና ወደ ስድስት ወረደ። ቆዳው ኩፍ ብሎ ውሃ ቋጠረ፤ ውሃው ሲፈነዳ የወጣውን አልነግራችሁም። እንደ መብረቅ ፈጥኜ አስወጣሁትና በሬውን አስገባሁ። እትዬ ከዚያ በኋላ «ግራ ቀኝ» ማለቱን ተወች። አንድ ነገር ብቻ ነው በዝግታ የተናገረችው።

«ማሬ ዛሬ ከሞተ ወንድም አለኝ አልልም።»

ስቃ ቢሆን እስቅ ነበር። እንደ ቁም ነገር ነው ያለችው፤ ክር ስትበጥስ እንደምትናገረው።

በሬው እግዜር ይስጠው፣ ጅቡን ጣለ። አራተኛው በር ላይ ከባለ መርዝ ጊንጥ ጋር ተያይዘው ወደቁ። «አይመለስም» አለ መስታወቱ። ሮዝ ማሬና ስድስት ነጥብ ሕይወት ብቻ ይዘን በአራተኛውና በአምስተኛው በር መካከል ወዳለችው ማረፊያ ክፍል ገባን። መድኃኒት የለም፣ ከረጢቱ ባዶ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ፏፏቴ፣ አንድ በር። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ብርቱካን መስሏል፤ የኛም መስኮት እንደዚያው።

እትዬ ፊቷን በግራ እጇ ሸፈነች። ጋሼ ጠጋ ብሎ ትከሻዋን ያዘ። እኔ መስታወቱ ላይ አፈጠጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ፏፏቴውን አይቶ «እንዴት ያምራል» ይላል። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ግን ሲወርድ የሚታየውን ውሃ አያይም፤ የሚሄድበትን ነው የሚፈልገው። ውሃው ገንዳውን ሞልቶ በወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ወደ አልጋው ሥር ይታጠፋል፤ እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ቆሞ ይንተከተካል።

«እትዬ፣ እዚህ ጥግ ላይ ቱቦ ተደፍኗል።»

«አሁን ደግሞ ስለ ሥራህ ታወራለህ?»

መስታወቱ ውስጥ በኔ ቦታ የሚራመደውን ሰውዬ ወደ ጥጉ አስኬድኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጽሑፍ ወጣ፤ «የተደፈነ ፍሳሽ። ይከፈት?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ማሽን ነው። ከፈትኩት።

የወጣውን ነገር እስከ ዛሬ በህልሜ አየዋለሁ። በዚያ ቤት ለዘላለም የጠፉት ጭራቆች ሁሉ ለካ ወደዚያ ነበር የሚወርዱት። አተላው እየተገላበጠ ወጣ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚነፋና የሚፈነዳ። ውስጡ ግማሽ የበሰበሰ ክንፍ፣ ጥፍር፣ የወለቀ ጥርስ፣ ሻጋታ ያበቀለ ዓይን ይንሳፈፋል። አንዱ ዓይን ጨፈን ከፈት ያለብኝ ይመስለኛል። እኔ የማውቀው ቆሻሻ ቢያንስ ዝም ብሎ ይተኛል። ይሄ ይተነፍሳል!

ማሬ ራሱን ቀና አደረገ። አሸተተ። ዘሎ ገባበት።

«ብላ ማሬ!» እትዬ ከወንበሯ ተነሳች። «ብላ የኔ ጌታ! ጀርባህንም፣ ጀርባህንም!»

በላ። ተንከባለለ። ክንፉን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ላጠው፤ ዓይኑን ወደ ጉንጩ ወሽቆ አላመጠው። አላምጦ ሲጨርስ አገሳ፤ ያገሳውን ደግሞ መልሶ ዋጠው። ከቆዳው ቀዳዳ ሁሉ አዲስ ንፍጥ መንቆርቆር ጀመረ፤ አረንጓዴ እንኳ አይደለም፣ እንደ ቆየ ቁስል ቢጫና ጥቁር። ሆዴ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። ያ በሰባት ትውልድ አንዴ የሚፈጠር ሆድ! ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

«ጋሼ፣ ባልዲ አለ?»

«ቡትስህ ውጭ አለልህ» አለ ጋሼ፤ እሱም አፍንጫውን ይዟል፤ ከመስታወት ሽታ የሚወጣ ይመስል።

የማሬ ሕይወት ወደ አርባ ወጣ። አተላው አለቀ። አምስተኛው በር ተከፈተ።

የመጨረሻዋ ጀግና ነጭ የለበሰች ሴት ናት፤ ጭራቋ ደግሞ በረዶ የመሰለች፣ አንገተ መቃ ትልቅ ወፍ። እንዲያው በውበት ብቻ ቢሆን እኔ በወፏ በኩል ነበርኩ። ወፏ በክንፏ መታች፤ ክንፉ ንፍጡ ላይ ተንሸራተተ። ደግማ መታች፤ ክንፏ ተጣበቀባት። በሦስተኛው ግን ምንቃሯ ዘልቆ ገባ፤ ከአርባው ሠላሳው ሄደ።

«አሁን!» አለች እትዬ። «ትውከቱን!»

የማሬ ብቸኛ መሣሪያ ትውከቱ ነው። ቁልፉን የምጫነው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዚህች የተባረከች አውራ ጣቴ። ተጫንኩ። ያንን የበላውን ሁሉ፣ ጥርሱንም ዓይኑንም፣ በነጭ ላባ ላይ አወረደው። ወፏ ጮኸች። ምንቃሯን ሰነዘረች፤ የማሬ ሕይወት ሦስት ቀረ።

«ድገም!»

«እትዬ፣ ምን ቀርቶት ነው የሚያስታውከው?»

«እሱ ያውቃል! ድገም!»

ደገምኩ። ማሬ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ላይ የራሱን ትውከት ሰብስቦ ላሰ። ጉንጩን ነፋ። ከዚያ... ከዚያ ወዲያ ያለውን ባንድ ዓይኔ ብቻ ነው ያየሁት። ወፏ የገባችበት አልታወቀም፤ አንዲት ላባ ከላይ ተንሳፋ ቀረች። ነጭ የለበሰችው ሴት እጅ ነሣች፤ ልብሷ ግን ከዚያ ወዲያ ነጭ አልነበረም። መስታወቱ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ «ማሬ አያረጅም፤ አይሞትም።»

የሦስት ነጥቧን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር አንድ ነበረች ብያለሁ፤ ለእናንተ ግን ሐቁን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ጋሼ በጉልበቱ ላይ አጨበጨበ። እትዬ ማሽኑን በግራ እጇ ነጠቀችኝና መስታወቱን ሳመችው። ከአናቱ ቢሆን መልካም። አገጩ ላይ ነው፣ ልክ ያ የቀረው ነገር ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝበት ላይ፤ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ፣ ድምፅ እያሰማች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ና ወደዚህ» አለችኝ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ አፍሽን...»

«ና አልኩህ!»

ጎንበስ አልኩ። በጄሶዋ አንገቴን ይዛ፣ በዚያው ከንፈሯ ግንባሬን ሳመችኝ። ረጅም ነበር፤ እርጥብም ነበር።

«ወንድሜ» አለች።

አልጠረግኩትም። እስከ ደጃፉ ድረስ ማለቴ ነው።