ሲስተርን የፈተሽንበት ጥሪ

ወንድሜን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ፍተሻ ነው የሚሉት። የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ሲበረብር ነው ጸጉሩ የሸበተው። ሥራው እዚያው በሩ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት! እሱ ግን ቤት ድረስ ይዞት ይመጣል። እኔ ታላቅ እህቱ፣ አዝዬ ያሳደግኩት፣ ከገበያ ስመለስ ፌስታሌን አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጎ ሳያይ አያሳልፈኝም።

ይባስ ብሎ መሥሪያ ቤቱ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠው። ስለ ኢንተርኔት ጥሪ ማጭበርበር ነው። ሌባ በኮምፒውተር የሰው ድምፅም መልክም አስመስሎ መደወል ይችላል፤ በቪዲዮ እናትህን መስሎ መጥቶ የሚስጥር ቁጥርህን ሊጠይቅህ ይችላል ብለው ነገሩት። ምን አለ ባይነግሩት! ከዚያ ወዲህ ለዘመድ ሁሉ አንድ አንድ ጥያቄ አዘጋጀ። የደወለ ሰው መጀመሪያ ጥያቄውን ይመልሳል፣ ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው።

መካከለኛዋ እህታችን ደወለችና «ከጣራ የወደቅኩ ጊዜ የተሰበረው የትኛው እጄ ነው?» አላት። «ቀኙ» አለች። ግራው ነበር። ዘጋባት። ደግማ ደውላ ያወረደችበትን ስድብ እኔ እንኳ ቆሜ መስማት አፈርኩ። ፍተሻ ግን በጥሞና አዳመጣትና እንደገና ዘጋባት።

«አየሽ እትዬ» አለኝ፣ «ስድቧን ሳይቀር አስመስለውታል።»

የልጄ ጉዳይ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ልጄ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንድ የጥርስ ሐኪም ወደደች፤ እሱም ወደዳት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ እናቱ ናቸው። ሲስተር ይሏቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የሆስፒታል ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ፤ ዶክተሮቹ ራሳቸው ኮሪደር ላይ ሲያዩዋቸው የጋዋናቸውን ቁልፍ ይቆልፉ ነበር አሉ። ልጃቸው ደግሞ ያለ እሳቸው እሺታ ንቅንቅ አይልም። ልጄ ቤታቸው ደጋግማ ሄደች፤ ሲስተር ግን «ይቺ ልጅ ለእኛ አትሆንም» ብለው ድርቅ አሉ። ለምን ሲባሉ መልስ የለም። ልጃቸው ለምኖ ለምኖ በመጨረሻ «እንግዲያው ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ላውራና ልቁረጥ» አሉ።

ልጄ ያን ቀን ደውላ «እማዬ፣ አደራ!» አለችኝ። «አጎቴ እንዳይሰማ። እሳቸውን ከፈተሻቸው እኔ አለቀልኝ።»

«አብደሻል? ማን ይነግረዋል?» አልኳት።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱቄን ከጎረቤቴ ከጸጉር አስተካካዩ የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ። ፍተሻ ሥራ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት መርጬ ቀጠሮ ያዝኩ። ደንበኛ መለስኩ፤ ራሴ የሰፋሁትን ቀሚስ ለበስኩ፤ ስልኬን የስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፌ በክር ማጠንጠኛ ደገፍኩት። ልክ መጥራት ሲጀምር በሩ ተበረገደ። ፍተሻ ነው፣ ከነዩኒፎርሙ፣ ከነኮፍያው! ለካ ጸጉር አስተካካዩ ከልጄ ጋር የተማከርነውን ሁሉ በጣውላው ሰምቶ፣ ደግ የሠራ መስሎት ሄዶ ነግሮታል።

«ያለ እኔ ልትገቢበት ነበር?» አለ በሩን እየቆለፈ፣ መጋረጃውን እየሳበ። «ደግነቱ ይሄ ጥሪ ተቆልፎ ነው የሚሄደው እትዬ! ቁልፉ ያለው በሁለቱ ስልክ ብቻ ነው! መንገድ ላይ ማንም ቢጠልፈው አንዲት ቃል አይሰማም!»

ይህን ሁሉ የሚለኝ መንገደኛው ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ እየጮኸ ነው። ከጣውላው ማዶ የጸጉር መቁረጫው ማሽን ጸጥ አለ።

ከማነሳው በፊት ጣቱን ሰድዶ እሱ አነሳው። ሲስተር ብቅ አሉ። ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

«እንደምን ዋሉ፣ እኔ የ—» ብዬ ጀመርኩ።

«ይቅርታ እናቴ» አለ ፍተሻ አንገቱን ከፊቴ አስግጎ፣ «ከሰላምታ በፊት ፍተሻ አለ። እጅዎን በፊትዎ ላይ ያሳልፉልኝ። የውሸት ምስል ከሆነ እዚያች ላይ ይበላሻል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጭኑን ቆነጠጥኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ሲስተር ከኮፍያው እስከ አንገቱ ድረስ መረመሩት። ከዚያ እጃቸውን አነሱና በፊታቸው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ።

«ወደ ግራ ይዙሩ። ወደ ቀኝ። ጎሽ።»

«አፌንስ ልክፈት?» አሉ ሲስተር።

«ለጊዜው አያስፈልግም» አለ ይሄ ጉደኛ፣ የምሩን። «አሁን ስለ ልጅዎ እናት ብቻ የምታውቀውን አንድ ነገር ይንገሩን። ሌባ ሊያውቀው የማይችለውን።»

በቃ አሁን ይዘጉታል አልኩ በልቤ። ሲስተር ግን የታማሚ ሁኔታ ለሐኪም እንደሚያስረክብ ሰው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«የጥርስ ሐኪሙ ልጄ ጥርስ መነቀል ይፈራል። በቀደም የራሱን ሲያስነቅል አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አልቅሷል።»

«እማዬ!» የሚል የወንድ ጩኸት ተሰማና ስልኩ ወደቀ። ኮርኒስ አየን፤ ቀጥሎ የወንበር እግር፤ ቀጥሎ አንዱ ጥቁር አንዱ ሰማያዊ ካልሲ ያጠለቀ እግር።

«ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለ!» ብሎ ብድግ አለ ፍተሻ። «ለምን አልተነገረም?»

ከጣውላው ማዶ ሳቅ ፈነዳ። የጸጉር አስተካካዩ ብቻ አይደለም፣ የደንበኞቹም ጭምር ነው።

«የሚስቀው ማነው?» አሉ ሲስተር፣ ስልኩ ሲነሳ ፊታቸው ተመልሶ።

«ግድግዳው ነው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«እሺ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። እርስዎ እናቷ ለመሆንዎ እኔስ ምን ማስረጃ አለኝ?»

«ትክክል ናቸው!» አለ ፍተሻ። ደስታው! ዞሮ እኔ ላይ አፈጠጠ። «መልሺ እትዬ።»

አንተን ብሎ ወንድም! «ልጄ ከክፍሏ ሁልጊዜ አንደኛ ነበረች» አልኩ።

«ኢንተርኔት ገጿ ላይ ለጥፋዋለች። ማንም ያየዋል» አለ ፍተሻ።

«ድመት ትወዳለች።»

«ፎቶው አለ።»

«የተወለደችበት ቀን—»

«እትዬ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚያገኘው እኮ እሱን ነው!»

የሲስተር ዓይን ወደ ስልኩ ጠርዝ ወረደ፤ ሊዘጉት እንደሆነ ገባኝ። የልጄ ትዳር ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። በወንድሜ ልናደድ፣ በሳቸው ልናደድ፣ በስልኩ ልናደድ አላውቅም፤ ብቻ አመለጠኝ።

«ትፈራዎታለች!» አልኩ። «ይኸው ነው! እርስዎ ቤት ልትመጣ ስትል ገና አውቶቡስ ላይ ሳለች ያስመልሳታል። ቤትዎ ደርሳ እህል አይወርድላትም። እርስዎ ሳሎን ተቀምጠው ከሽንት ቤትዎ በሹክሹክታ ትደውልልኛለች፤ ‹እማዬ፣ ሳህኑ ሞልቶ ፊቴ ተቀምጧል፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ብተወው ይቀየሙኛል፣ ምን ልሁን› እያለች ታለቅሳለች። ይሄን ገጿ ላይ አልለጠፈችውም!»

ፍተሻ እኔን ትቶ ወደ ሲስተር ዞረ።

«ከሽንት ቤት?» አሉ ሲስተር።

«ከሽንት ቤት።»

እነዚያ ዶክተር ያርበደብዱ የነበሩ ሴትዮ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እኔ እኮ ቤቴን የተጸየፈች መስሎኝ» አሉ። «በመጣች ቁጥር እጄ እስኪዝል አበስልላታለሁ። እሷ አንዴ ትነካካውና ተነስታ ትሄዳለች። ሳህኑን እንደሞላ መልሼ ወደ ጓዳ ይዤው ስገባ ምን ተሰምቶኝ እንደነበር አይጠይቁኝ። ንቃኛለች ብዬ ተኝቼ አላውቅም።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ ስልኩን ልጄ የያዘልኝ ፈርቼ እኮ ነው። እናቷም እንደሷ ብትንቀኝስ ብዬ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንጀቴን በሉት። ሁለታችንም ስልክ ላይ አፍጥጠን አለቀስን፤ ተያይተን ደግሞ ሳቅን።

«ልጅቷ የታለች?» አሉ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አሁኑኑ ጥሯት።»

ልጃቸው እዚያው ጥሪ ውስጥ አስገባት። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለና ልጄ ብቅ አለች፤ መድኃኒት ቤቷ መጋዘን ውስጥ፣ በካርቶን መሃል ተሸጉጣ። ዓይኗ አብጧል። ፍተሻ ነገሩን የጨረሰ ይመስላችኋል? ኮፍያውን አስተካከለና ፊቴ ላይ ተደቀነ።

«ቆይ! ማን መሆኗን በምን አወቅን? አንቺ፣ ትንሽ ሳለሽ ኮፍያዬ ውስጥ ምን ከተሽ ነበር?»

ልጄ ሲስተርን አየች፤ ሲስተርም እሷን። አፏን ከፈተች፣ ለቅሶ ብቻ ወጣ።

«መልስ የለም» አለ ፍተሻ። «መልስ ከሌለ እንግዲህ ደንቡ ይታወቃል።» ጣቱን ወደ ቀዩ ምልክት ሰደደ።

«ተዋት አንተ!» አሉ ሲስተር። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ይቺን ልጅ እኔ አውቃታለሁ።»