እግር የማያሳርፍ ሳይክል

ዘይኑልአቢዲን ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ አጎንብሶ ስለዋለ ወገቡ አልቃና ብሎታል። ኮምቦልቻ ላይ ሳይክል ሲጠግን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቶቹ ግን ቀድመውት ጡረታ ወጥተዋል። ዕቃውን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል ደንበኛው ሞላልኝ ሳይክሉን እየገፋ መጣ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ሰንሰለቱን ጠበቅ አርጉልኝ። ነገ ደሴ ሥራ ልጀምር ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! የምን ሥራ?»

«ፒያሳ ካለ ዳቦ ቤት ለየሱቁ ዳቦ ማድረስ። የፈለጉት ሳይክል ያለው ሰው ነው።»

ሞላልኝ ሥራ ካጣ ስድስት ወሩ ነበር። ዘይኑልአቢዲን ደስ አለው፤ ዓይኑ ግን የኋላው ጎማ ላይ ቀረ። ባለፈው ክረምት የኋላው ጥርስ እየከዳ ፔዳሉ በባዶ ሲዞር፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ጥርሱን ከጎማው እምብርት ጋር የበየደው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ከዞረ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። ፍሬን ከድሮም የለውም፤ ሞላልኝ የሚቆመው ፔዳሉን በእግሩ ወደ ኋላ እየገታ ነው። ለኮምቦልቻ ሜዳ ይህ በቅቶት ነበር።

ሳይክሉን ገልብጦ አቆመና ፔዳሉን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ ክራር ክር ይወጠራል፤ ግማሽ ዙር ሲሄድ ይረግባል። የፊተኛው ጥርስ ክብነቱን አጥቷል።

«እዚህ የረገበው ላይ ሳቡልኛ!» አለ ሞላልኝ።

«እዚህ ላይ ከሳብኩት እዚያ ሲደርስ ይበጠሳል። የሚለካው ጠበቅ ያለበት ላይ ነው።»

ዳዶዎቹን አላልቶ ጎማውን ወደ ኋላ ሳበ። በጠበቀው ቦታ ሰንሰለቱ ትንሽ እንዲላወስ ትቶ አሰረና ደግሞ አዞረው። በላላው በኩል አሁንም ይንጠለጠላል።

«ለሜዳ ይሆናል፤ ለደሴ ቁልቁለት አይሆንም። ስትገታው ከጥርሱ ይዘላል። ሰንሰለቱ ከወለቀ በምን ትቆማለህ?»

«በኪዳነ ምሕረት!»

«ተው እሷን አታስቸግራት፤ ዳቦ ጭነህ ነው የምትመጣባት።»

ሞላልኝ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ራስዎ በይደው ራስዎ ይከለክሉኛል? ያኔ ‹አብሽር፣ ዕድሜ ልክህን ትነዳዋለህ› አላሉኝም? ያለ ሳይክል ከሄድኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ብያለሁ።»

«በል ቀስ ብለህ ንዳ» ብሎ ቢሸኘው ይህን ጊዜ ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሮ ነበር። ሰውየውም የሚለምነው ይህንኑ ነው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ከግድግዳው ተደግፎ የቆመውን የራሱን ሳይክል አመጣ። አርጅቷል፤ ሁለቱም ፍሬኖቹ ግን ይይዛሉ።

«ይህን ውሰድ። ያንተን እኔ እነዳዋለሁ፤ መንገዴ ሜዳ ነው።»

«መለዋወጫው እስኪገኝ?»

«እስኪገኝ። ባይገኝም ወላሂ ዳግም አልበይድም።»

ሞላልኝ ጉልበቱን ሊስም ሲል ያዘው። «ተው፣ ማጎንበስ ለዛሬ ይብቃ።»

ዘይኑልአቢዲን መንገድ ላይ ደክሞት እግሩን ሊያሳርፍ ሲል ፔዳሉ ጉልበቱን ወደ ላይ ወረወረው። ደግሞ ረሳ፤ ደግሞ ወረወረው። ከዚያ በኋላ ሳያቋርጥ ረገጠ። ደጃፉ ሲደርስ ፔዳሉን ለመግታት አቅም ስላጣ የቆመው አጥሩን ይዞ ነው።

ሚስቱ ሐዋ ብቅ አለች። «የማን ነው ይሄ? ሳይክልህስ?»

«ደሴ ሥራ ይዟል» አላት፤ ለመውረድም እጇን ጠየቀ።