የባሕሪዋ ሳጥን

ሰው ስለ መንገድ ሲያወራ ስለ አስፋልት ነው፤ ሉሊት ተሰማ ግን የምታጠናው መልእክት ከስልክ ወጥቶ ስልክ እስኪገባ በየት በየት እንደሚያልፍ ነው። ካርቱም አድጋ፣ ካርቱም ተምራ፣ ካርቱም አስተምራለች። ስሟን ያስጠራላትም በከተማው ደቡብ ካለው ማዮ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ የተላከ መልእክት ድልድዩን መሻገር ሲበቃው አውሮፓ ድረስ ዞሮ እንደሚመለስ ያሳየችበት ጥናት ነው። አባቷ አቶ ተሰማ ይህን ሲሰሙ፣ «እኔስ ደርግን ሸሽቼ በመተማ ሱዳን ስገባ ይህን ያህል አልዞርኩም» እያሉ ሲስቁባት ከረሙ።

ለጥናቷ በየሰፈሩ ትንንሽ ሳጥኖች አስቀምጣ ነበር። የሳጥኖቹ ሥራ አንድ ነው፤ በኢንተርኔት «አለሽ?» ሲሏቸው «አለሁ» ማለት። አንዷን ባሕሪ፣ አባቷ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖረቻት። ስትሠራ አረንጓዴ መብራት ይበራባታል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሉሊት ለሥራ ከወንዙ ወዲህ እንዳለች ድልድዩ ተዘጋ፣ የአባቷ ስልክ ጠፋ፣ ቢሮዋ ተዘረፈ። ማዮ አንዲት ክፍል ተጠግታ ቀረች። ሌሎቹ ሳጥኖች ተራ በተራ ዝም ሲሉ የባሕሪዋ ብቻ «አለሁ» ማለቷን አልተወችም። ናይሮቢ የምርምር ሥራ ተሰጥቷት ነበር፤ አልሄደችም። ሳጥኗ ከናይሮቢም ብትጠየቅ እንደምትመልስ ከሉሊት በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሆድ መች በእውቀት ይመራል? አባት ከወንዙ ማዶ እያለ መራቅ አልሆነላትም። ናፍቆቱ ሲብስባት ጥያቄዋን ደጋግማ ትልካለች፤ መልስ በመጣ ቁጥር አባቷ ሻያቸውን ሲያማስሉ ይታዩዋታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘመናይ መጣች። ባሕሪ ከአቶ ተሰማ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ በእግርም፣ ራክሻ በሚሉት ባጃጅም ብላ፣ ስንቱን ኬላ አልፋ፣ ማዮ እህቷ ዘንድ መድረሷ ነበር።

«አባትሽ ደኅና ናቸው ወላሂ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰፈሩ ባዶ ሆኗል። ሹፌሩ ያረጋል በሎሪው ሰዉን በስተሰሜን ወደ ሸንዲ ከተማ እያወጣ ነው፤ የነገው የመጨረሻው ነው። አባትሽን ያላ፣ እንሂድ ብንላቸው እምቢ አሉ።»

«ለምን?»

«ሳጥንሽን ትቼ አልሄድም ብለው ነዋ። ማራገቢያቸውን ነቅለው የፀሐይ ባትሪያቸውን ኃይል ለእሷ ነው የሚሰጡት። መብራቷ ከጠፋች ልጄ፣ አባቴ ሞተ ብላ ኩብሪውን፣ ያንን ድልድይ አቋርጣ ልትፈልገኝ ትመጣና ትገደልብኛለች ይላሉ።»

እሷ ሳጥኗ ስለምትመልስ ከካርቱም አልወጣችም፤ እሳቸው ደግሞ ሳጥኗ እንድትመልስ ብለው ከባሕሪ አልወጡም። ለካስ እየተሳሰቡ እየተገዳደሉ ነበር።

ስልክ የለ፣ ወደ ባሕሪ የሚመለስ ሰው የለ። በእጇ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሳጥኗን ከዚሁ ሆና ማጥፋት። ያጠፋችው እሷ መሆኗን ካወቁ፣ ትተህ ሂድ እንዳለቻቸው ይገባቸዋል። ግን ልጄ ሞተች ቢሉስ? ያችን አንዲት ምልክት አጥፍታ እሷስ በምን ታድራለች? ዘመናይን አየቻት። ዘመናይ፣ «አንቺው ታውቂያለሽ» አለች። ሉሊት ኮምፒውተሯን ከፍታ ትእዛዙን ጻፈች፤ ዐይኗን ጨፍና ላከችው። ሳጥኗ ዝም አለች።

ጥቂት ቆየና፣ «አለሁ» የሚል መልስ መጣ።

ሉሊት መጀመሪያ ግራ ገባት። ኋላ ሲገባት ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። «አባዬ፣ መብራቷ ከጠፋች ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው» ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ሽማግሌው የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ደግማ አጠፋቻት። ደግመው ሰኩላት። አሁንም አጠፋች፤ አሁንም ሰኩ። እስከ ዛሬ ስትመልስላት የኖረችው ሳጥን ነበረች፤ አሁን ግን የሚመልሱላት አባቷ ናቸው፤ እጃቸው ገመዱ ላይ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ናፍቆቷን ልትወጣ ስትል ማቆም አቃታት።

«ኸላስ፣ ይብቃሽ ሉሊት» አለች ዘመናይ ቀስ ብላ። «ሎሪው ያመልጣቸዋል።»

ሉሊት እንባዋን ጠርጋ፣ ብልሽት ሳይሆን የሰው እጅ መሆኑን እንዲያውቁት፣ ሳጥኗ ገና እንደበራች ታጠፋት ጀመር። በራች፣ አጠፋች። በራች፣ አጠፋች። ከዚያ በኋላ ሳጥኗ አልተመለሰችም። ጠበቁ። ሻይ ፈልቶ ቀዘቀዘ።

«ገባቸው» አለች ዘመናይ። «ሊወጡ ነው፣ ኢንሻአላህ።»

ሉሊት እርግጠኛ አልነበረችም። አንዲት ሳጥን ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ ስታስተምር ኖራለች፤ ገመድ ይሆናል፣ ባትሪ ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል። የአባቷ ዝምታ ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም። ዘመናይ ከወጣች በኋላ ኮምፒውተሯን ልትዘጋ እጇን ዘረጋችና ተወችው። እባክህ እንዳትመልስልኝ እያለች፣ እንዲመልሱላት እየናፈቀች፣ እንደገና «አለህ?» ብላ ጠየቀቻቸው።