አንተ ያለኝ ማሰሻ

ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበርኩ። የሰው ስህተት ስለቅም ነው ያረጀሁት። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋና ስምንት ወር ቤቴ ተቀምጬ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳርም ከረምኩ። አንድ አሳታሚ አራሚ እንደሚፈልግ ስሰማ ልቤ ተንጠለጠለ። ማመልከቻ የሚቀበሉት ግን በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የሰማሁት በመጨረሻው ቀን! እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ አለቀ።

የኮምፒውተራችን ነገር አይነሳ፣ ገጹን አልከፍትም ብሎ ድርቅ አለ። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። "አዲስ ማሰሻ ጫንኩልሽ" ሲለኝ የምጣድ መጥረጊያ መስሎኝ ወደ ኩሽና አየሁ። ለካ ኢንተርኔት የሚከፍተውን ነገር ነው።

መጀመሪያ ወደድኩት፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ፈጣን ነው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፣ አማርኛ ያወራል። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እንኳን ደህና መጣህ! ስምህን ጻፍ።"

"ማነው 'መጣህ'?" አልኩ።

"ማሽን ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ቢሆንስ? በዚህ ዕድሜዬ አንተ ልባል? አንቱ ቢቀር አንቺ ማለት ምን ያቅተዋል?"

"አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል" አለኝ።

"እንግዲያው የሚያወራው ካንተ ጋር ነው። ና፣ አንተው መልስለት!"

እየሳቀ አጠገቤ ተቀመጠና ስሙን ጻፈለት። ከዚያ በኋላ ማሰሻው "ቀጥል" ሲል እሱ ይቀጥላል፣ "ምረጥ" ሲል እሱ ይመርጣል። የአሳታሚው ፎርም ሲከፈት "ስምና ስልክህን ልሙላልህ?" አለ። "ሙላ" አለው ባሌ፣ ደስ ብሎት። እኔ የሥራ ልምዴን ብቻ ጻፍኩ። እዚያም ሰላም አልሰጠኝም፤ አጥርቼ በጻፍኩት ቃል ሁሉ ሥር ቀይ መስመር ያሰምርብኛል። እኔን! ለአሥራ አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቀር "ላክ" አለ፣ ባሌም ላከ።

በሦስተኛው ቀን መልእክት መጣ፣ በባሌ ስልክ። ለአራሚነት ፈተና የተመረጠው እሱ ነው! ማሰሻው ፎርሙን የሞላው በእሱ ስም ኖሯል። "ስህተት" የሚለውን ቃል በሦስት ዓይነት የሚጽፍ ሰውዬ!

ደሜ ፈላ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የገዛ ማመልከቻዋን ሳታርም የላከች አራሚ ማን ይቀጥራል?

"ተወው፣ አትደውል" ብለው እምቢ አለኝ። እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ለአሳታሚው ደወለ።

"ጌታዬ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። አመልካቿ ባለቤቴ ናት። ማሽኑ አንተ ቢላት ተቀይማ እኔ ነኝ የሞላሁላት።"

ማዶ ያለው ሰውዬ ማመልከቻውን ሲፈልግ ቁልፍ ሲነካካ ተሰማኝ። አለቀልኝ አልኩ።

"የሥራ ልምዱስ የማን ነው?" አለ በመጨረሻ።

"የእሷ! እሷው ራሷ የጻፈችው።"

"አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። በሉ ነገ ትምጣ።"

"ይምጡ በል!" ብዬ ጮህኩ፣ ሳላስበው። ባሌ በእጁ አፉን ያዘ።

"ይቅርታ እናቴ" አለ ሰውዬው። "ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይምጡ።"

ስልኩ ሲዘጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስምንት ወር ሙሉ ነይ ያለኝ እንኳ አልነበረም።