እስከ እሁድ አትቁረጪው

ፀጉሬን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ስስ ነው፣ ሲነኩት የሌለ ይመስላል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሹሩባ ልትሠራኝ እግሯ መሀል አስቀምጣኝ፣ "ለራሱ የማይበቃ ፀጉር ይዞ ለልጁ ደግሞ አካፈለ" እያለች ታጉረመርም ነበር። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ "ጥቂቷን እንዳታስጨርሻት፣ ቀስ ብለሽ ሥሪ" ይላታል። እናቴ አላስጨረሰችኝም። የጨረስኩት እኔ ነኝ። ቤሩት በኖርኩባቸው ሰባት ዓመታት በየሁለት ወሩ ቁጥርጥሩን የሚዘረጋውን ሪላክሰር ተቀብቻለሁ። ባለፈው የገና በዓል ደግሞ ዶራ ሠፈር ያለች አንዲት ርካሽ ፀጉር ሠሪ ሪላክሰሩ ሳይሰነብት ኬራቲን የሚባል ሌላ ማለስለሻ ደረበችልኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ይረግፋል። ትራሴ ላይ ነው፣ አንገቴ ላይ ነው፣ ቡና ስኒዬ ውስጥ ነው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ጃል ኤል ዲብ ሠፈር የማጸዳው ቤት መታጠቢያ ክፍል ነው፤ ወለሉ ነጭ ነው። መጀመሪያ እወለውለዋለሁ፣ ከዚያ ተንበርክኬ የራሴን ፀጉር አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ጨርሼ ስነሳ ደግሞ ሌላ ወድቆ አገኛለሁ። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም። ሆኖም ማክሰኞ ዕለት ከታቡሌ ሰላጣው ውስጥ አንድ ረጅም ፀጉር በሁለት ጣቷ መዝዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

"ሹ ሀይዳ ሮማ? ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ፓርዶን ማዳም።"

"ቅዳሜ እንግዶች አሉብኝ። እስከዚያ ይሄን ፀጉር አንድ አድርጊው፣ ኸላስ፣ በቃ።"

አንድ አድርጊው ማለት ቀላል ነው። ያለኝ ሁለት መንገድ ነው። ወይ ሥሩ ላይ የበቀለውን ቁጥርጥር እንደገና ሪላክሰር ቀብቼ ከጫፉ ጋር ማስማማት፣ ወይ የሞተውን ከሥሩ አንስቼ በተፈጥሮው እንዲያድግ መተው። እስካሁን ሁለቱንም ሳላደርግ ነው የከረምኩት። ከላይ ቁጥርጥር፣ ከታች ልጥ ሆኖ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። ሹሩባ እንዳልሠራው ደግሞ ግንባሬ ሸሽቷል፣ የቀረውም ይነቀላል።

ደክዋኔ ሠፈር አንድ ክፍል የምንጋራው ሱአድ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሁለታችንም ከአሠሪዎቻችን ቤት ወጥተን ያለ ወረቀት በየቤቱ የምንሠራ ነን። እሷ ግን ማታ ማታ ፀጉርም ትሠራለች። ሙያውን የተማረችው በኛ ራስ ላይ ቢሆንም እጇ ጥሩ ነው፤ መቀስ ሲይዝ ደግሞ አያርፍም። የሠፈራችን ሐበሻ ግማሹ አፍሮ የሆነው በሷ ምክር ነው። እኔንም ስድስት ወር ሙሉ፣ "ሮሚ፣ ቁረጪውና ተገላገይ" ስትለኝ ከርማለች።

እምቢ ያልኩት በአባቴ ምክንያት ነው። በኛ አገር ሴት ልጅ ፀጉሯን ከሥሩ የምታነሳው ሰው ሲሞትባት ነው። አባቴ ደግሞ ከጥር ጀምሮ ታሟል። ኩላሊቱ ነው አሉ፣ ኋላ ጉበቱ ነው አሉ፣ ከግንቦት ወዲህ ፀበል ገብቷል። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ ፀጉሯን ተቆርጣ ብትታይ በአገሬ በነፋስ መውጫ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ በቁሙ ተላጨችለት ነው የሚሉት። በሟርት አላምንም እላለሁ። ግን መቀስ ባየሁ ቁጥር አባቴ በዚያ ብርድ ፀበሉ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ብቆርጠውና በማግሥቱ አንድ ነገር ቢሆንስ? ያኔ ለራሴ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

እናቴ በየሳምንቱ ዓርብ በቪዲዮ ትደውላለች። ዱሮ ሰላምታዋ ሁሉ "እስቲ ፀጉርሽን አሳዪኝ" ነበር። ሰሞኑን አትጠይቅም። እሷም ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ስልኩን አርቃ ይዛ፣ ቶሎ ትሰናበተኛለች። እኔም የራሴን ሻሽ ጠበቅ እያደረግሁ ተመስገን እላለሁ። "አባዬስ?" ስላት፣ "ፀበሉ ተስማምቶታል፣ እዚያ ግን ስልክ አይፈቀድም" ነው መልሷ። እሱ ሳያየኝ መቅረቱንም እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ከዶራ አንድ እሽግ ሪላክሰር ገዝቼ ገባሁ። ሱአድ በስልኳ መብራት ራሴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና እሽጉን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ይሄ ቁስል ላይ? ወላሂ አልቀባሽም። ቆዳሽ አብሮ ይነሳል።"

ፈራሁ። የፈራሁትን ያህል ደግሞ ታከተኝ።

"እንግዲያው ቁረጪልኝ። አሁኑኑ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን መቀሷን ከመስኮቱ ላይ አንስታ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

"እስከ እሁድ አትቁረጪው" አለችኝ።

"እሁድ ምን አለ?"

"ምንም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ጓደኞቻችን እነ እስከዳርም እዚህ ይመጣሉ፣ ያኔ ተረጋግተን እንቆርጠዋለን። አብሽሪ።"

"ስድስት ወር ቁረጪ ቁረጪ ስትይኝ ከርመሽ ዛሬ ምን አገኘሽ? ቅዳሜ እኮ እንግዳ አለ፣ ማዳሜ ታባርረኛለች።"

"ሦስት ቀን ነው ሮሚ። ሦስት ቀን መታገሥ አቃተሽ?"

ፊቴን አላየችም። የኔን ሟርት ፈርታልኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። እሷ ከፈራች እኔማ ምን ልሁን?

ሐሙስ ጃል ኤል ዲብ ስሠራ ዋልኩ። ማታ ሻሼን ስፈታ ከጆሮዬ በላይ ያለው አብሮ መጣ። ሻሹ ውስጥ አንድ ጭብጥ ፀጉር፣ ራሴ ላይ የአውራ ጣት ራስ የሚያህል መላጣ። ስዳስሰው ልስልስ ብሎ ይሞቃል። ሌሊቱን በሆዴ ተኝቼ አደርኩ፤ በጀርባዬ ብተኛ ትራሱ ሁሉንም የሚወስደው መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሱአድ ሥራ ሄደች። ሻንጣዋን ከፍቼ መቀሱን አወጣሁ። ከመስተዋቱ ፊት ቆሜ፣ "አባዬ፣ ላንተ አይደለም፣ በስምህ አይደለም" አልኩና ከግንባሬ ጀመርኩ። ከፍርሃቴ ብዛት ግራው አንድ ጣት፣ ቀኙ ሁለት ጣት ሆነ፤ የኋላውማ ጭራሽ አልደረስኩበትም።

ሱአድ ከቀትር በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው።

"ምነው ሮሚ? እስከ እሁድ ብዬሽ አልነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አሁንማ ሆነ። ይልቅ ኋላውን አስተካክዪልኝ።"

በርጩማው ላይ አስቀምጣኝ ማስተካከል ጀመረች። አንገቴ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ላብ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብዬ ሳይ እያለቀሰች ነው። ለሰው ፀጉር የሚያለቅስ ፀጉር ሠሪ አይቼ አላውቅም። አሳቀኝም።

"የኔ እናት፣ ይበቅላል እኮ" ብዬ አጽናናኋት።

"ዛሬ እናትሽ ስትደውል አታንሺ" አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ካነሳሽም ሻሽ እሠሪ። እባክሽ።"

እኔ ግን አስቤበት ጨርሼ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ አምስት የአገሬ የጋይንት ሰው ያየኛል። አንዷ ፎቶ አንስታ እስክትልክና እናቴ ደረቷን እስክትመታ ከምጠብቅ፣ እኔው በአንደበቴ ብነግራት ይሻላል። የምላትን ከመስተዋቱ ፊት ደጋግሜ አጠናሁት። "ማንም አልሞተም እማዬ፤ ሪላክሰር ነው ያቃጠለኝ።" መጀመሪያ ላይ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስምንተኛው ላይ ቀና። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ፈገግ ማለት ጨመርኩበት።

ስልኩ ሲጠራ ሱአድ እጄን ልትይዘኝ ተነሳች፤ ቀድሜያት አነሳሁት። እናቴ ሻሿን እንደለመደችው አውርዳ ታየችኝ። ራሴን አየች። ያጠናሁትን ለመጀመር ትንፋሽ ሳብኩ።

"ማን ነገረሽ?" አለች።

ጥያቄው አልገባኝም።

"ሱአድ ናት? እሁድ ሰው ሰብስባ ልትነግርሽ አልነበር የተነጋገርነው? ብቻሽን ነው የሰማሽው ልጄ? ማንም ሳይዝሽ?"

አፌ ግን የተሰጠውን ቃል ይዞ ቆሞ ነበርና ለቀቀው።

"ማንም አልሞተም እማዬ፤ ሪላክሰር ነው ያቃጠለኝ።"

ፈገግታውም መጣ፣ ተለማምጄዋለሁና። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምስሉ ተናወጠ፣ ጣሪያው ታየ፣ ግድግዳው ታየ፣ ከዚያ ተመልሳ መጣች። ሻሿን ከግንባሯ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። ሙሉ ለሙሉ ተላጭታ ነበር፤ የበቀለው ገና ጣት አይሞላም፣ ሁሉም ነጭ ነው። ሰባት ዓመት ፀጉር ሲበቅልና ሲበጠስ ያየሁ ሰው ነኝና አልሳሳትም፤ የሁለት ወር ተኩል ፀጉር ነው።

"ግንቦት ውስጥ ነው" አለች እናቴ። "ፀበሉ ቦታ ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ። በሰው አገር ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ደበቅሁሽ። ሰማንያ ቀኑ ስለ ደረሰ ነው በዚህ ሳምንት ንገሯት ያልኩት።"

ስንት ዓርብ ነው "አባዬስ?" ያልኳት? ስንት ዓርብስ ነው ስልክ አይፈቀድም ስትለኝ ተመስገን ያልኩት? ፀጉሬን ልደብቃት ሻሼን ሳጠብቅ፣ እሷ ሞቱን ልትደብቀኝ ሻሿን ታጠብቅ ነበር።

ሱአድ ከኋላዬ አቀፈችኝ። "እሁድ ነበር ያሰብነው፣ ቀድሜ ልነግርሽ አልቻልኩም ሮሚ፣ አፉ በይኝ" ትላለች። ስልኩን እሷ ያዘችልኝ። እኔ ከበርጩማው ወርጄ ተንበረከክሁ። የተቆረጠው ፀጉሬ ገና አልተጠረገም፤ በርጩማው ሥር፣ በሩ ድረስ ተበትኗል። ጃል ኤል ዲብ እንደምለቅመው አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። ሱአድ መጥረጊያውን ልታመጣ ስትል አስቆምኳት።

"ተይው" አልኳት። "የአባቴ ነው።"