ያልረጋው በርሜል

የጎማ ዛፍ ወተት እንደ ላም ወተት ነው፤ ኮምጣጣ ከነካው ይረጋል። እኛ በጎማ ገበሬዎች አገር፣ ቡንግካን ውስጥ፣ እንዳይረጋ አሞኒያ እንጨምርበታለን። የገበሬ ማኅበራችንን በርሜሎች ስጠብቅ ዓይኔን ያቀላው፣ ደረቴን የበላው እሱ ነው። ፕሮፌሰር ክሪሳዳ ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ወተቱ ያለ አሞኒያም እንዳይረጋ አደርጋለሁ ብሎ ነው። ወተቱ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ የጎማ ቅንጣቶች አሉ፣ እርስ በርስ መገፋፋት ሲያቆሙ ይጣበቃሉ ይላል። እንዴት እንደሚገፋፉ ሲያጠና ሸበተ፣ ተሾመ፣ አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው።

እኔን ማስታወስ ነበረበት። በወጣትነቴ እሱ በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጠርሙስ አጥብለት ነበር። አንድ ቀን ስለ ወተቱ ብጠይቀው፣ ተማሪዎቹ ፊት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ብቻ ይዘህ ና፤ ጭንቅላትህን ቤት ተወው» አለኝ። ሳቁ። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በቀደም ያለ አሞኒያ ያዘጋጀውን የራሱን ወተት በበርሜል አምጥቶ ግቢያችን አቆመ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ማላይ ቁርጡን ነገረችው።

«ወተታችንን የሚገዛው ነጋዴ እስኪመጣ ካልረጋ አሞኒያውን እንጥላለን። ከረጋ ግን፣ ፕሮፌሰር፣ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳይመጡ።»

«አይረጋም» አለ። ሸሚዙ ግን በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

የገዢው መኪና ከወደ ታች ብቅ ሲል የመንደሩ መራቂ ሽማግሌ፣ አባባ ካምፑን፣ የብር ሳህናቸውን ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይጀመርም። መኪናም ይሁን ወፍጮ፣ የሶምፖይ ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይፈስበታል። ፍሬው ኮምጣጣ ነው። አባባ በበርሜሎቻችን ላይ ሲያፈሱ ኖረዋል፤ አሞኒያው ስለሚያከሽፈው ምንም ሆኖ አያውቅም። ይሄኛው ግን አሞኒያ የለበትም።

ውሃው ከነካው እንደሚረጋ ገባኝ። ለማንም አልነገርኩም። ጭንቅላትህን ቤት ተወው ብሎኝ የለ?

ፕሮፌሰሩ ሳህኑን አየና አመድ መሰለ። ሽማግሌን በሰው ፊት «ተዉ» ቢል፣ ወተቱ ባይረጋም ማንም አይነካለትም። አባባ ጸሎታቸውን ጨርሰው ሳህኑን አዘነበሉ።

«አባባ!»

ፕሮፌሰሩ ሮጦ በበርሜሉና በሳህኑ መሃል ተንበረከከ። «እኔን ያስቀድሙ! ወተቱ ገና ልጅ ነው፣ ይደርሳል። ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

«ይሄን ሁሉ ኃጢአት በአንድ ሳህን?» አሉ አባባ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ጠብታ እንዳያስቀሩብኝ!»

ራሱ ላይ ገለበጡለት። ውሃው በግንባሩ ሲወርድ፣ ጠብታው በርሜሉ ጋ እንዳይደርስ በጉልበቱ እየዳኸ ራቀ። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ገዢው መጥቶ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለ። ፕሮፌሰሩ እንደራሰ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን አስገባና አሳያቸው።»

አሁንም እጄን። ስሜን እንኳ አልጠየቀም። እስከ ክርኔ አስገባሁና አማሰልኩ፤ አንድ የረጋ ጓል ፈለግኩ፣ አጣሁ። ዓይኔም አላቃጠለኝም።

ወይዘሮ ማላይ፣ «እህሳ?» አለች።

«አልረጋም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?